አውራ ጣት

«ከእኛ ቤት እንዲህ ያለ አፍንጫ ወጥቶ አያውቅም» ያለችው ጣይቱ ናት። ያለችውም በገዛ ወንድሟ ልቅሶ ላይ፣ አምሳለ ደጃፍ ከተጣለው ድንኳን ሥር ተቀምጣ፣ ከጎኗ ላለችው ሴት ነበር። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም፤ ጣይቱ ለሐዘንም ለደስታም ያላት አንድ ድምፅ ነው። የሟቹ ልጅ ትሁት የውሃ ጆግ ይዛ ልክ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ለተቀመጠው ሰው ሁሉ አዳረሰች፤ ለአክስቷም ቀዳች፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ አፍንጫዋ ጫፍ የተንሸራተተውን መነጽሯን በጣቷ ሽቅብ ገፋ አድርጋ ወደ ቤት ገባች። እናቷ አምሳለም ከሴቶቹ መካከል ሆና ሰምታለች። ባሏን አፈር አልብሰው ከተመለሱ ሰዎች ፊት ስለ አፍንጫ መሟገት ነውር ነው ብላ ዝም አለች፤ ቢያንስ ለራሷ የሰጠችው ምክንያት ይኸው ነበር። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ያን ቃል አንስተውት አያውቁም። የአባቷ የባንታምላክ ሙት ዓመት ከወጣ በኋላ ግን ትሁት አንድ ቀን፣ ጣሪያ ላሳድስ ነው እንደሚል ሰው፣ «እማዬ፣ አፍንጫዬን ላሠራው ነው» አለች።

ጀሶው የሚነሣው ዛሬ ቅዳሜ ነው። አምሳለ ስትነሣ ልጇን ግቢው ውስጥ፣ ከሣር ዳሱ ሥር ካለው የገመድ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ ወገብ ድረስ ነጭ ጀሶ ተለጥፎባታል፤ በዓይኖቿ ዙሪያ የነበረው ጥቁረት የበሰለ ማንጎ ልጣጭ መስሎ ቢጫና አረንጓዴ ሆኗል። መነጽር ማድረግ ስለተከለከለች ራቅ ያለውን ሁሉ በጭጋግ ውስጥ ነው የምታየው። ሰው ሲያናግራት ፊቱን አልፋ ከበስተኋላው የቆመ ሌላ ሰው የምታይ ትመስላለች። ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ የኳስ ያህል ሆኗል። እጇ ምንም አልነካውም፤ ይህ የሐኪሙ ትእዛዝ ነው። ትሁት ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውራ ጣቷን በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል፣ ከአፍንጫዋ ሥር ላይ ሳትተክል ተኝታ አታውቅም። ሌላው ልጅ ጣቱን ሲጠባ እሷ እዚያ ላይ ጫን አድርጋ ነበር የምታንቀላፋው፤ ትምህርት ጨርሳ፣ ለስደተኞች አስተርጓሚ ሆና ተቀጥራም ይህን አልተወችም። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ስትተኛ እጇ እንዲታሰር አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ አልተኛችም። ገና ጎህ ሳይቀድ ግቢውን በባዶ እግሯ ስትዞር፣ አንዳንዴም ቆም ብላ ወደ ቤቱ ጆሮዋን ስታዘነብል አምሳለ በመስኮት ታያት ነበር። አሁን አጠገቧ ተቀምጣ ቋጠሮውን ፈታችላት። ከፋሻው የወጣው አውራ ጣት ውሃ ውስጥ የከረመ ይመስል ነጥቶ ተጨማዷል። አምሳለ ጣቱን አሸት አሸት አደረገችው እንጂ ቀና ብላ የልጇን ፊት አላየችም።

ሩክሻ፣ የገዳሪፍን ባጃጅ፣ ያዙ። ሹፌሩ አምስት ሺህ ብሎ በሦስት ሺህ ተስማማና መንገዱን ሙሉ ስለ ቤንዚን አማረረ። የሰሊጥ ወቅት ስለሆነ ጆንያ የጫኑ ሎሪዎች እስከ እህል ጎተራዎቹ ድረስ ተሰልፈዋል፤ ከካርቱም ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሚያድሩበት ትምህርት ቤት አጥር ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ትሁት አንድ ጊዜ ብቻ አፏን ከፈተች። «ይህን ሁሉ ዘመን መነጽሬን በክር እያሰርኩ ኖርኩ እኮ» አለች። አምሳለ መልስ ያልሰጠችው የሩክሻው ጩኸት ስለማያሰማ እንደሆነ አስመሰለች።

ዶክተር ኑዕማንም ከካርቱም የሸሸ ሰው ነው። የሚሠራው በኪራይ ቤት ውስጥ ነው፤ የባለቤቶቹ የሠርግ ፎቶ ከግድግዳው አልወረደም፤ ሕመምተኞቹ የሚቀመጡት ዘርፋም መጋረጃ በተጋረደበት ሳሎን ውስጥ፣ በእንግዳ ወንበር ላይ ነው። አብዛኞቹ ጦርነቱ ፊታቸውን ያበላሸባቸው ናቸው። ዛሬ ከአምሳለ ፊት ለፊት የተቀመጠችው ሴት አገጯን በሻሽ ሸፍና፣ ሻይ በቀጭን ቱቦ እየሳበች ትጠጣ ነበር። ትሁት መጀመሪያ ስትመጣ ሐኪሙ «ጤነኛ ፊት ለምን ይነካል? እኔ የተሰበረ ለመጠገን ጊዜ አጥቻለሁ» ብሎ መልሷት እንደነበር አምሳለ ሰምታለች። በኋላ በምን እንዳሳመነችው ግን ልጇ አልነገረቻትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ሐኪሙ ጀሶውን በሞቀ ውሃ እያራሰ ቀስ ብሎ አነሣው። ከሥሩ የወጣው ቆዳ ፈዛዛና እርጥብ ነበር። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አንዲት ትንሽ ፎቶ አወጣና ከትሁት ጉንጭ አጠገብ ያዛት፤ አንዴ ፎቶዋን አንዴ ፊቷን አየ። አምሳለ ፎቶዋን ከተቀመጠችበት ሆና አወቀቻት። ባንታምላክ ለመንጃ ፈቃድ የተነሣት፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ጸጉሩ በጎን ተከፍሎ፣ አፍንጫው ከቅንድቦቹ መካከል እንደ ቢላዋ ጀርባ ቀጥ ብሎ የወጣባት ፎቶ ናት። ከሣጥኗ መቼ እንደወጣች አላወቀችም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጇ የምታሠራው የሆነ አፍንጫ፣ ማንኛውም ደህና አፍንጫ ይመስላት ነበር።

«ማሻአላህ!» አለ ሐኪሙ።

አምሳለ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ በነጠላዋ ጫፍ ላይ ቱፍ አለች። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

«ያ ሓጃ፣ ስሚኝ፤ አንችም አደራ» አላት ኑዕማን በአረብኛ። «ከጆሮዋ ጀርባ ልስልስ አጥንት ወስጄ ነው ከሥሩ ያነሣሁት። ገና ሊጥ ማለት ነው፤ አልያዘም። ሁለት ወር መነጽር የለም፤ እጅ የለም፤ ትንሽ ግፊት ያፈርሰዋል። ደግሞ ውስጡ ያለው ጥጥ እስከ ሰኞ አይወጣም፤ እስከዚያ በአፏ ነው የምትተነፍሰው።»

ትሁት መስታወቱን ተቀበለች። ያለ መነጽር ስለማታይ እስከ ሽፋሽፍቷ ድረስ አስጠግታ ፊቷን ቁራጭ በቁራጭ፣ መጀመሪያ ቅንድቧን፣ ቀጥሎ የአፍንጫዋን ሥር፣ ቀጥሎ ጫፉን አየች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ማንን መሰልኩ?»

አምሳለ ያየችው መጀመሪያ ባንታምላክን አይደለም። ከፊቷ የተቀመጠው ደጉ ነበር፤ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ የተቀበረው የመጀመሪያ ልጇ፤ ያልኖረውን ዕድሜ ሁሉ ኖሮ፣ ሙሉ ሰው አክሎ፣ ዓይኑ ዙሪያውን ጠቁሮ ከሩቅ ያያታል። ልክ እንደዚህ ነበር የጠቆረው።

«ራስሽን» አለች።

ትሁት መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አስቀመጠችው።

ወደ ቤት በእግሬ ካልሄድኩ አለች። በነጠላዋ እስከ አፏ ድረስ ብቻ ተሸፍና፣ አፍንጫዋን ለፀሐይ ሰጥታ፣ እናቷን ጥላ ቀድማ ትራመድ ነበር። በሰሊጥ መጋዘኖቹ በኩል ሲያልፉ ከአንድ ሎሪ ጥላ ሥር አንድ ሽማግሌ ጫኝ ጆንያ ተንተርሶ ተኝቶ አገኙት። ከባንታምላክ ጋር ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው። የእግራቸውን ኮቴ ሲሰማ ዓይኑን ገለጠ፤ ትሁትን አየ፤ አልተገረመም። «መጣህ እንዴ?» አለ፣ ምሳ ሊበላ ሄዶ የቆየን ባልንጀራ እንደሚቀበል ሰው፤ ወዲያው ተመልሶ ዓይኑን ጨፈነ። ትሁት ከነጠላዋ ሥር ፈገግ ስትል ጉንጯ ላይ ታየ። አምሳለ ክንዷን ያዝ አድርጋ እርምጃዋን አፈጠነች።

ደጉ የተወለደው መፋዛ አጠገብ፣ ባንታምላክ ሹፌር በነበረበት የሰሊጥ እርሻ ነው። የባንታምላክ ወገኖች አፍንጫቸው ከእናታቸው ማህፀን ተሠርቶ ነው የሚወጣው፤ አዋላጅ ገና እትብት ሳትቆርጥ «የእነ እገሌ ነው» ትላለች። ደጉም እንደዚያ ነበር። ሲተኛም እንደ አባቱ ነበር፤ ሁለቱም በእንቅልፋቸው ከአፍንጫቸው ቀጭን ፉጨት ይወጣል፤ ሄዳ ሄዳ መጨረሻዋ ላይ ሽቅብ የምትሰበር ፉጨት። አምሳለ በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱን ወፍራም አንዱን ቀጭን እያደመጠች ትስቅ ነበር። አንድ ክረምት ትኩሳት መጣና በሳምንቱ ቀጭኑ ቀረ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሁለቱ ክርስትና እንኳ አልደረሱም፤ ያንኑ አፍንጫ ይዘው መጥተው ያንኑ ይዘው ሄዱ። ሦስቱንም ራሃድ ወንዝ ዳር ካለ ግራር ሥር ቀበሯቸው። በኋላ ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውን በላው፤ ግራሩም መቃብሩም አብረው ሄዱ። «ሾተላይ አለባት» ተባለ። አንዷ የሚመጣው ልጅ ጆሮው ይበሳ አለች፤ ሌላዋ በቁና እህል ለመንገደኛ ይሸጥ አለች። አራተኛዋን አርግዛ ገዳሪፍ ሲገቡ ያዋለደቻት ውዴ የምትባል የአርማጭሆ ባልቴት ግን ሌላ ነገር ነበር የነገረቻት። «በመልካቸው እያወቀ ነው የሚወስዳቸው» አለች፣ እጇን እየታጠበች። «ጣዕሙን ለምዶታል። ይችን እንዳያውቃት አድርጊ።»

ሌላ አራስ በየማለዳው ጣቷን ቅቤ ነክራ የልጇን አፍንጫ ሽቅብ ትስባለች፤ ሰልካካ እንዲሆንላት። አምሳለ በየማለዳው በር ዘግታ በአውራ ጣቷ ቁልቁል ትጫን ነበር፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ ለጋው አጥንት እጅ እስኪሰጥ። ሕፃኗ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። ኋላ ማልቀስ ተወች፤ ዝም ብላ ከጣቱ ግራና ቀኝ እናቷን ታያታለች። ውዴ ሁለት ነገር አስጠንቅቃታለች፤ ለማንም፣ ለአባትየውም ቢሆን አትንገሪ፤ ማንን እንደምትመስልም በአፍሽ አታውጪ፤ የሚሰማ አለ። ትሁት ጎራዳ ሆና አደገች፤ አደገችም። አምሳለ በዚህ ነገር ታምኛለሽ ወይ ብለው ቢጠይቋት አዎ ለማለት ታፍር ነበር፤ የለም ለማለት ደግሞ አንድም ቀን አልደፈረችም። ሰው አማት። «ሹፌር መንገድ ሲውል ሚስቱ የት ትውላለች» አሉ። ባንታምላክ ሰማ እንጂ አልጠየቀም። ሊሞት ሰሞን፣ በውጭኛው ክፍል ተኝቶ ሳለ፣ ትሁት ውሃ አጠጥታው ስትወጣ ፊቷን ረጅም ጊዜ ተከተለ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ሚስቱ አዞረ፤ እዚያው ላይ አቆየው። አምሳለ ጎንበስ ብላ የአልጋውን ልብስ አስተካከለችለት። በማግስቱ ሞተ።

ምሳ ፉል ነበር። ትሁት በአፏ እየተነፈሰች፣ በአንድ ጉርሻና በሌላው መካከል አየር እየሳበች፣ ቀስ ብላ በላች። ሁለቱም ስለ ዘይቱ ተናገሩ፤ የዛሬው ዘይት ሌላ ሌላ ይሸታል አለች አምሳለ፤ እኔ እንኳ ምንም አይሸተኝም አለች ትሁት። ከዚያ እጇን ታጥባ ስትጨርስ እንዲህ አለች፦

«ከሰላ ከተማ ያለው ቢሯችን ሰው ይፈልጋል። ረቡዕ እሄዳለሁ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«እሱን አንች ነሽ የምትነግሪኝ።» በዚያ በማያየው ዓይኗ እናቷ ወዳለችበት አቅጣጫ አየች። «አክስቴ ያን ቀን ያለችውን ሰምተሻል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ዛሬ ሐኪሙ ጋ ስጠይቅሽ ሸሸሽ። እኔ ልፈርድብሽ አይደለም፣ ወላሂ! ያባቴ ልጅ ካልሆንኩም ንገሪኝና ይለይልኝ። ካልነገርሽኝ ግን ተመልሼ የምመጣው ወደ ማን ቤት ነው?»

አምሳለ ሰሐኖቹን ሰበሰበች። ልትናገር ፈለገች፤ ምላሷም ተነሥቶ ነበር። ግን ከልጇ ትከሻ በላይ የውጭኛው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ስላየችው ተነሥታ ዘጋችው፤ ስትመለስ ትሁት አልነበረችም፤ ከዳሱ ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች።

ጣይቱ የመጣችው ፀሐይዋ እንደከረረች፣ ጃንጥላ ዘርግታ፣ በፌስታል ቲማቲም ይዛ ነው። ገና ከበር ጀምሮ ስለ ቲማቲም ዋጋ እያወራች ገባች። «እሳት ሆኗል፣ እሳት! አይ ይች አገር፤ ሽንኩርትስ እሺ፣ ቲማቲም ምን ሆንኩ ብሎ ነው?» ወንበሩ ላይ ተመቻችታ ከተቀመጠች በኋላ አገጯን ቀና አደረገች። «እስቲ ወደ ብርሃን ዙሪ፣ ልይሽ።»

ትሁት ዞረች። ጣይቱ አየቻት።

«እንግዲህ እንኳን ማረሽ። ሐኪም ስንቱን ይሠራል፤ አፍንጫም ይሰጣል ለካ።» ነጠላዋን አጣፋች። «ዘር ግን አይሰጥም።»

ትሁት ያየችው እናቷን ነው፤ ጠበቀች። አንድ ቃል ነው፤ ከአፏ ሊወጣ ጫፍ ላይ ያለ፤ ስንት ዓመት በጥርሷ የያዘችው። «እትዬ ጣይቱ፣ ውሃ ልስጥሽ?» አለች።

«እኔ እሰጣታለሁ» አለች ትሁት። ሄዳ ከጋኑ ቀድታ መጣች። ብርጭቆውን ለማቀበል ከአክስቷ ፊት ጎንበስ ስትል ብርሃኑ በጎን መታት፤ ጣይቱ ብርጭቆውን ሳትቀበል ቀረች። ቀኝ እጇ ሳታዘው ወደ ግንባሯ ሄደ፤ ሊያማትብ ጀምሮ መንገድ ላይ ቆመ።

«ያን ልጅ የት ነበር የቀበራችሁት?» አለች። ይህን ስትል የድምጿ ጉልበት ሁሉ ሄዶ ነበር።

«መፋዛ» አለች አምሳለ። «ወንዙ ወሰደው።»

«አዎ። ወንዙ ወሰደው።» ጣይቱ ተነሣች። «ልሂድ እንግዲህ፤ እሳት ላይ የጣድኩት አለ።» ስትወጣ ፊቷን ከትሁት ላይ ሳትመልስ የኋሊት ጥቂት ተራመደች። ጃንጥላዋን ረስታ በዚያ ፀሐይ ባዶ ራሷን ሄደች።

ትሁት ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ ተኛች። እጇን የሚያስርላት አልጠራችም። አምሳለም «ልሰርልሽ» ብላ አልተከተለቻትም። የጀመረችውን መጋረጃ ይዛ ዳሱ ሥር ካለው የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ መብራት ጠፋ፤ የጎረቤት ማራገቢያዎች ሁሉ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ በዚያ ሰዓት በገዳሪፍ ውሻ እንኳ አይጮኽም። የእግሯ ፔዳል ብቻ ነበር የሚሰማው። እሱንም አቆመችው፤ ሌላ ነገር የሰማች መስሏት ነበር።

ከቤቱ ውስጥ ፉጨት ይመጣል። ቀጭን ነው፤ ሄዶ ሄዶ መጨረሻው ላይ ሽቅብ ይሰበራል። ያርፋል። እንደገና ይመጣል።

አምሳለ መርፌውን ከጨርቁ ላይ ሳትነቅል ተነሣች። በውጭኛው ክፍል አለፈች፤ የባንታምላክ አልጋ ላስቲክ እንደለበሰ ነው። ሐኪሙ አፍንጫውን ብቻ አይደለም የሰጣት፣ ብላ አሰበች፤ ትንፋሹንም ጭምር ነው። እንዲህ በቤቱ ሙሉ እየነፋች እኔን ብቻ ሳይሆን የሚሰማውን ሁሉ ትጠራለች። ውስጠኛው ክፍል ስትገባ ትሁት በጀርባዋ ተዘርግታ፣ ከንፈሮቿ ገርበብ ብለው፣ ዓይኗን ጨፍና አገኘቻት። ያልታሰረው ቀኝ እጇ ደረቷ ላይ ነው፤ ትእዛዝ እንዳይፈርስ ይመስላል፣ አውራ ጣቷን ጡጫዋ ውስጥ ቀብራዋለች። ከመስኮቱ የምትገባው ብርሃን ከቅንድቦቿ መካከል ወጥታ በአዲሱ አጥንት ላይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ደጉን ከፍነው ሲያጋድሙት እንዲህ ነበር ብርሃን ያረፈበት።

ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጇ መንገዱን ራሱ ያውቃል። አውራ ጣቷ፣ የስፌት መርፌ ስንት ጊዜ ያለፈበት ጥፍሩ የጠቆረ ጣት፣ ሄዶ ከዚያው ከድሮ ቦታው ላይ አረፈ። ቆዳው ይሞቃል፤ ከሥሩ ያለው በእርግጥ ሊጥ ነው፤ ሐኪሙ አልዋሸም። ትንሽ ጫን ማለት ብቻ ነው። ልጅቷ ራሷ በእንቅልፏ፣ በገዛ ጣቷ እንዳደረገችው ይታሰባል፤ እጇን የሚያስርላት አልነበረም። ታለቅሳለች፤ ትጠላኝም ይሆናል፤ ከሰላ ትሄዳለች፤ ግን ትኖራለች። ከጣቷ ሥር አንዲት ደም ሥር ስትመታ ይሰማታል፤ ሽቅብ፣ ሽቅብ፤ የሆነ ነገር ከታች ሆኖ የሚገፋት ይመስል ነበር። ክንዷን አጠነከረች።

«እማዬ» አለች ትሁት ዓይኗን ሳትገልጥ።

አምሳለ አልተንቀሳቀሰችም።

«ይህን ጣት አውቀዋለሁ። እስከ ዛሬ የራሴ ይመስለኝ ነበር።»

አምሳለ ያን ጊዜ ነው የነገረቻት። ጣቷን ከዚያ ሳታነሣ፣ ሳትጫንም፣ ድምጿን ከትንፋሽ ሳታሳልፍ ነገረቻት፤ መፋዛን፣ ግራሩን፣ ውዴን፣ በሩ የተዘጋባቸውን ማለዳዎች። ስትናገር ያን ያህል ዘመን የተሸከመችው ነገር አጭር ሆኖ አገኘችው፤ ቶሎ አለቀ። ከትሁት የተጨፈነ ዓይን እንባ ወጥቶ ወደ ጆሮዋ ወረደ።

«አባቴስ ያውቅ ነበር?»

«አልነገርኩትም።»

«ጠይቆሽም አያውቅም?»

«አንድ ቀን አየኝ» አለች አምሳለ። ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«እንግዲያው ማንን መሰልኩ? አሁን ንገሪኝ።»

አምሳለ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ጆሮዋ ቀደማት። ልጇ እየተናገረች ነው፤ ፉጨቱ ግን አላቆመም። ያርፋል፤ እንደገና ይመጣል፤ ሽቅብ ይሰበራል። የልጇን አፍንጫ አየች። በሁለቱም ቀዳዳዎች ነጩ ጥጥ እንደተወተፈ ነው።

ትሁት ዓይኗን ገለጠች። «አንችም ትሰሚዋለሽ?» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። «አፍንጫዬን ከተሠራሁ ቀን ጀምሮ ነው። ለዚህ ነው የማልተኛው። ለእኔ ብቻ የሚሰማ መስሎኝ ፈርቼ ነበር።»

የውጭኛው ክፍል በር፣ አምሳለ በእጇ የዘጋችው፣ ኋላም ስታልፍ መልሳ የገጠመችው በር፣ ገርበብ ብሏል። ከዚያ በኩል ነው የሚመጣው። አምሳለ ጣቷን ከልጇ ፊት ላይ አነሣች። ተነሥታ አልሮጠችም፤ አላማተበችም። የሚሰማ አለ ብላ ነበር ውዴ፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገረቻትም። ቀጥ ብላ ተቀመጠችና፣ በሚቀጥለው ክፍል ላለ፣ ደክሞት ለተጋደመ ሰው በሚነገርበት ድምፅ፣ እንዲያልፍ አድርጋ ተናገረች፦

«አባትሽን መስለሻል። ቁርጥ ባንታምላክን።»

ፉጨቱ ወደ ላይ ወጣ፤ ከሚሰበርበት ቦታ ደረሰ፤ እዚያው ላይ ቆመ። ቤቱ ጸጥ አለ። ባንታምላክ አሳቡ ሲቀለው ወደ ግድግዳው ይገለበጥና እንዲህ ያቆም ነበር። ደጉም አንድ ማለዳ እንዲህ ነበር ያቆመው።

«እማዬ» አለች ትሁት ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቦታ እየለቀቀች። «እዚህ ጋ ተኚ።»

አምሳለ ከጎኗ ተጋደመች። አውራ ጣቷን በልጇ ጡጫ ውስጥ፣ ከልጇ ጣት አጠገብ ከተተችው። ከዚያ ሁለቱም በአፋቸው እየተነፈሱ፣ ድምፅ እንዳያሰሙ እየተጠነቀቁ፣ ገርበብ ወዳለው በር ጆሯቸውን ሰጥተው ጠበቁ።